ጠባብ ባንድ ማጣሪያዎችን ለሰማይ ፎቶግራፍ መምረጥና መፈተን፦ የቆቦና የራያ ቆላ ሁኔታ

በኢትዮጵያ በግል ቴሌስኮፕ ሰማይን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ማጣሪያ ለመግዛት ሲያስብ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የኦፕቲክስ ሳይሆን የንግድ ነው። ዕቃው በአገር ውስጥ ገበያ እምብዛም አይገኝም፤ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሻንጣ ይገባል፤ ዋጋው ብዙ መቶ ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ጉድለት ቢገኝበት ደግሞ መልሶ መላክ የሚታሰብ አይደለም። ስለሆነም ምርጫው በተግባር አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው። ስለ ምርጫው የሚነበበው ምክር ግን በአብዛኛው የተጻፈው ሰማያቸው በመንገድ መብራት ለታጠበ የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ነው። ምክሩ ባጭሩ ሲታይ፣ ኪስ እስከፈቀደ ድረስ ባንዱ የጠበበውን ግዛ የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ምክር በቆቦና በአካባቢው የራያ ሜዳ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ይመረምራል። የሚከራከርለትም ነጥብ ይህ ነው፦ ሰማዩ ጨለማ በሆነበት፣ ሌሊቱ ግን ሞቃት በሆነበት ቆላ፣ ምስሉን የሚጎዳው በዋናነት የሰማዩ ብርሃን ሳይሆን የካሜራው ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ባንድ ከማጥበብ በፊት ሙቀት መቀነስ ይቀድማል። ክርክሩ የሚቆመው በስሌት ላይ ነው። ስሌቱን ማንም ተማሪ በራሱ መሣሪያ ሊፈትነው ስለሚችል የመፈተኛው መንገድም አብሮ ቀርቧል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ከተመሠረተ፣ በእንጦጦም ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ከተተከሉ ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ፈለክ ትምህርት እየሰፋ መጥቷል፤ በተማሪው እጅ ያለው መሣሪያ ግን አሁንም ትንሽ ነውና ጥያቄው የሚመለከተው ይህንኑ ትንሽ መሣሪያ ነው።

ማጣሪያው የሚሠራው ሥራ

በኔቡላ ውስጥ የሚገኝ ጋዝ በአጠገቡ ባሉ ትኩስ ከዋክብት አልትራቫዮሌት ጨረር ኤሌክትሮኑን ያጣል፤ በአተሞቹና በአዮኖቹ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ወደ ዝቅተኛ የኃይል ደረጃ ሲወርዱ በተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶች ላይ ብርሃን ይለቃል። ሃይድሮጅን አልፋ በ656.3 ናኖሜትር፣ ሁለት ጊዜ አዮን የሆነ ኦክስጅን በ495.9 እና በ500.7፣ አንድ ጊዜ አዮን የሆነ ሰልፈር ደግሞ በ671.6 እና በ673.1 ናኖሜትር ላይ ያበራሉ። የኔቡላው ብርሃን እንዲህ በጥቂት መስመሮች ላይ ሲሰበሰብ፣ የሰማዩ ብርሃን ግን በሰፊው የተዘረጋ ነው። ማጣሪያው በመስታወት ላይ በተደራረቡ ብዙ ስስ ሽፋኖች አማካይነት በብርሃን ጣልቃ ገብነት ሕግ መስመሩን አሳልፎ ሌላውን ወደ ኋላ ይመልሳል። ሦስት ቁጥሮች ይገልጹታል፦ የባንዱ መካከል፣ በከፍተኛው ማሳለፍ እኩሌታ ላይ የሚለካው የባንዱ ስፋት፣ እንዲሁም ከባንዱ ውጭ ያለውን ብርሃን የሚያግድበት መጠን። ሻጮች ጮክ ብለው የሚናገሩት ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ሦስቱ መስመሮች በአንድ ባለ ቀለም ምስል መቀናበራቸው በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ጄፍ ሄስተርና ፖል ስኮወን በሃብል ቴሌስኮፕ ባነሡት የንስር ኔቡላ ምስል ነው። በዚያ ምስል ሰልፈር ቀይ፣ ሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ ኦክስጅን ሰማያዊ ሆነዋል። ቀለሞቹ የስምምነት ቀለሞች እንጂ ዓይን የሚያያቸው አይደሉም።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ተገቢ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ቅርጽ የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ሲያልፍ በሰሜን ወሎ ብዙ ሰው ስለ ፀሐይ ማጣሪያ ሰምቷል። ለኔቡላ የሚሠራው የሃይድሮጅን አልፋ ማጣሪያ ከዚያ ጋር በስም ቢቀራረብም ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የፀሐይ ሃይድሮጅን አልፋ ማጣሪያ ባንዱ ከ0.1 ናኖሜትር በታች ሲሆን ሙቀትን የሚመልስ ሌላ ማጣሪያም በፊቱ ይደረግለታል። የሌሊቱን ማጣሪያ ይዞ ፀሐይን ማየት ዓይንን ያጠፋል።

የቆቦ ሰማይና ወቅቱ

ቆቦ በ12 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በምዕራብ በወሎ ደጋ ግድግዳ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች መካከል በተዘረጋው የራያ ሜዳ ላይ ትገኛለች። ከተማዋ በወልድያና በአላማጣ መካከል ባለው አውራ ጎዳና ላይ ስላለች መብራት የላትም ማለት አይቻልም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ማሽላው እርሻ የዘለቀ ሰው ግን ፍኖተ ሐሊብን በግልጽ ያያል። የኬክሮሱ ጥቅም ትልቅ ነው። ከቆቦ ሲታይ የኦሪዮን ኔቡላ እስከ 73 ዲግሪ፣ የሮዜት ኔቡላ እስከ 83 ዲግሪ፣ የሳጁታሪየሱ ላጉን ኔቡላ ከ53 ዲግሪ በላይ ይወጣሉ። ላጉን ከሎንዶን ሲታይ 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ይወጣል፤ ደቡባዊው የካሪና ኔቡላ ደግሞ ለአውሮፓውያኑ ፈጽሞ የማይወጣ ሲሆን በቆቦ 18 ዲግሪ ይደርሳል።

ነገር ግን ወቅቱ ከዚህ ስጦታ ግማሹን መልሶ ይወስዳል። ላጉንና ንስር ኔቡላዎች በእኩለ ሌሊት ከፍ የሚሉት በሰኔና በሐምሌ፣ ማለትም በክረምቱ ደጃፍና በመካከሉ ነው። የካሪናም ጊዜ የካቲትና መጋቢት ነውና ከበልጉ ደመና ጋር ይጋጫል። ደመና የማይነካው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሰማይ የኦሪዮን፣ የሮዜት፣ የካሊፎርኒያ ኔቡላና የአንድሮሜዳ ነው። በበጋው ደረቅ ሜዳ ላይ የሚነሣው አቧራ በአድማስ አጠገብ ያለውን ሰማይ ስለሚያደበዝዝ ከ30 ዲግሪ በታች የሚገኙ ነገሮች ብዙ ተስፋ አይጣልባቸውም።

ጨለማ ሰማይ ማለት ብርሃን አልባ ሰማይ ማለት እንዳልሆነም መታወስ አለበት። የላይኛው ከባቢ አየር ራሱ በ557.7፣ በ589 እና በ630 ናኖሜትር ላይ ያበራል። የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የሚጠናው የአዮኖስፌር ሁኔታ በዚህ ቀጠና ልዩ ጠባይ ስላለው፣ የ630 ናኖሜትሩ ቀይ ብርሃን በምሽቱ ሰዓታት ቀላል ግምት አይሰጠውም። ተራ ቀይ ማጣሪያ ይህን ብርሃን ያስገባል፤ ባለ 7 ናኖሜትር የሃይድሮጅን ማጣሪያ ግን ከ652.8 እስከ 659.8 ብቻ ስለሚያሳልፍ በሚገባ ይዘጋዋል። ስለዚህ ጠባብ ባንድ በቆቦም ቢሆን ይጠቅማል። አከራካሪው ምን ያህል መጥበብ አለበት የሚለው ነው።

ሦስት ናኖሜትር ወይስ ሰባት

በአንድ ፒክሰል ላይ የሚታየው የቁጥር መዋዠቅ፣ በተለምዶ ኖይዝ የሚባለው፣ ከሦስት ምንጮች ይመጣል፦ ከሰማዩ ብርሃን፣ በሴንሰሩ ውስጥ ሙቀት ከሚፈጥራቸው ኤሌክትሮኖች፣ እንዲሁም ምስሉ በሚነበብበት ጊዜ ከሚጨመረው ስሕተት። ማጣሪያ የሚቀንሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የምክሩ ሁሉ ድካም የሚገኘው ይህ ሲዘነጋ ነው።

ለምሳሌ 150 ሚሊሜትር መስተዋት ያለው ኤፍ 5 የኒውተን ቴሌስኮፕ፣ ፒክሰሉ 3.76 ማይክሮሜትር ከሆነ ባለ አንድ ቀለም ሴንሰር ጋር ይወሰድ። አንድ ፒክሰል አንድ አርክሰከንድ ያህል ይሸፍናል። የሰማዩ ብርሃን በቀዩ አካባቢ በካሬ አርክሰከንድ 21 ማግኒቲውድ፣ የመስተዋቱ፣ የማጣሪያውና የሴንሰሩ ጠቅላላ ብቃት ደግሞ 50 በመቶ ነው ተብሎ ቢገመት፣ በ300 ሰከንድ ምስል ውስጥ ከሰማዩ የሚመጣው በ7 ናኖሜትር ማጣሪያ 5 ኤሌክትሮን፣ በ3 ናኖሜትር ደግሞ 2.1 ኤሌክትሮን ያህል ይሆናል። ቁጥሮቹ እጅግ ትንሽ መሆናቸው ልብ ይባል።

አሁን ማቀዝቀዣ የሌለው ካሜራ ይታሰብ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በየሰከንዱ 0.1 ኤሌክትሮን የሙቀት ፍሰት፣ 3 ኤሌክትሮን የንባብ ኖይዝ ቢኖረው፣ በ300 ሰከንድ ውስጥ ሙቀቱ 30፣ ንባቡ 9 የቫሪያንስ አሐድ ይጨምራሉ። ጠቅላላው በ7 ናኖሜትር 44፣ በ3 ናኖሜትር 41.1 ይሆናል። የሁለቱ ንጽር ስኩዌር ሩት 1.035 ነው። የዋጋው ልዩነት ሁሉ የገዛው ጥቅም ሦስት ከመቶ ተኩል ብቻ ነው ማለት ነው፤ ማንም ሰው ምስሎቹን ጎን ለጎን አድርጎ ሊለየው አይችልም።

ያው ካሜራ ሰማዩ አሥር እጥፍ በሚያበራ ከተማ ውስጥ ቢቆም ሰማዩ 50 እና 21.3 ስለሚሆን ጥቅሙ ወደ 1.22 ያድጋል። ካሜራው በኤሌክትሪክ የሚቀዘቅዝ ዓይነት ሆኖ የሙቀት ፍሰቱ 0.001፣ የንባብ ኖይዙ 1.5 ቢሆን ደግሞ ጥቅሙ በከተማው 1.48፣ በቆቦ 1.27 ይሆናል። ስለዚህ ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ ተናጋሪዎቹ የሚቀዘቅዝ ካሜራ በብርሃን ጎርፍ ውስጥ ይዘው ስለሚናገሩ ለእነርሱ እውነት ነው።

ለቆቦ ተማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ንጽጽር ሌላ ነው። ማጣሪያው 7 ናኖሜትር ሆኖ ሳለ ማቀዝቀዣ ከሌለው ካሜራ ወደሚቀዘቅዝ ካሜራ መሻገር ቫሪያንሱን ከ44 ወደ 7.55 ያወርዳል፤ ኖይዙ በ2.4 እጥፍ ይቀንሳል። የሚቀዘቅዝ ካሜራ ከማጣሪያ ይልቅ ውድ ስለሆነ ይህ ለብዙዎች መልስ ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የሴንሰር የሙቀት ፍሰት በየ6 ዲግሪው በግምት በእጥፍ ስለሚለዋወጥ፣ ሴንሰሩ ከ25 ወደ 13 ዲግሪ ቢወርድ ፍሰቱ ወደ ሩብ ይቀንሳል፤ ጠቅላላው ቫሪያንስ 21.5 ይሆናል፤ ጥቅሙም 1.43 ነው። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ከምሽቱ ይልቅ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ንጋት፣ ከጥቅምት ይልቅ ታኅሣሥን መምረጥ ብቻ ነው። ወደ ላይ መውጣትም ሌላው መንገድ ነው፦ በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከፍታ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚወርድ፣ ከቆቦ ሜዳ ወደ ምዕራቡ ደጋ የወጣ ሰው የሙቀቱን ፍሰት በግማሽ ይቀንሳል። ከቆቦ በስተምዕራብ በቀጥታ መስመር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው፣ ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ለትልቅ ቴሌስኮፕ ጣቢያነት ሲታሰብ የቆየው በሌሎች ምክንያቶች ቢሆንም፣ ይህ ምክንያት ለትንሹ ካሜራም ይሠራል።

ዳርክ ፍሬም መቀነስ ይህን ችግር ይፈታዋል የሚል ግምት በተማሪዎች ዘንድ ይሰማል። ዳርክ ፍሬም የሙቀቱን አማካይ መጠንና ቋሚ ንድፉን ያስወግዳል፤ የዘፈቀደ መዋዠቁን ግን አያስወግድም። ከላይ በስሌቱ የገባው መዋዠቁ ነው።

የብርሃኑ ማዕዘን

ማጣሪያው በካታሎግ የተጻፈለት ባንድ የሚሠራው ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ሲያርፍበት ነው። ብርሃኑ ሲያጋድል ባንዱ ወደ ሰማያዊው አቅጣጫ ይንሸራተታል። የሽፋኖቹ ውጤታማ የስብረት መጠን 2 ተብሎ ቢወሰድ፣ በኤፍ 6 ቴሌስኮፕ የጠርዙ ጨረር ለሃይድሮጅን መስመር 0.6፣ በኤፍ 5 0.8፣ በኤፍ 4 1.3፣ በኤፍ 2 ደግሞ 4.8 ናኖሜትር ያህል መንሸራተት ይደርስበታል። መካከሉ በትክክል 656.3 ላይ የተቀመጠ ባለ 3 ናኖሜትር ማጣሪያ ላይኛው ጠርዙ 657.8 ነው። በኤፍ 5 ጠርዙ ወደ 657 ቢወርድም መስመሩ በውስጡ ይቀራል። በኤፍ 4 ወደ 656.5 ስለሚወርድ መስመሩ በገደል አፋፍ ላይ ይቆማል፤ በመካከሉ ላይ ትንሽ የማምረቻ ስሕተት ካለ ከጠርዙ የሚመጣው ብርሃን ይጠፋል። የመስተዋቱ ጠርዝ ደግሞ ከማዕከሉ የበለጠ ስፋት አለውና ኪሳራው ቀላል አይደለም። በኤፍ 2 ባለ 7 ናኖሜትሩ እንኳ የጠርዙን ጨረር ያጣል፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያሉ ፈጣን መሣሪያዎች ባንዱ አስቀድሞ ወደ ቀይ የተገፋ ልዩ ማጣሪያ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ በተማሪዎች እጅ ይበልጥ ሊገኙ የሚችሉት ርካሽ የኒውተን ቴሌስኮፖች ከኤፍ 4 እስከ ኤፍ 6 ስለሚሆኑ ይህ ስሌት ከግዢ በፊት መሠራት አለበት።

ማጣሪያውን በላቦራቶሪ መፈተን

ማጣሪያው ከደረሰ በኋላ የተጻፈለትን መሆኑን ለማረጋገጥ በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ክፍሎች የሚገኘው ስፔክትሮፎቶሜትር ቀዳሚ አማራጭ ነው። ሆኖም የመሣሪያው የራሱ የመለየት አቅም ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ናኖሜትር ነው። 3 ናኖሜትር የሆነ ማጣሪያ በ2 ናኖሜትር ስንጥቅ ሲለካ 3.6 ያህል ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ይህን ያላወቀ ተማሪ ደህናውን ማጣሪያ ጉድለት አለው ብሎ ሊፈርድበት ይችላል።

ከዚህ የሚቀልና በአንዳንድ ረገድ የሚበልጥ ፈተና አለ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች በሚይዙት ቴስተር ካቻቪቴ ውስጥ፣ በአንዳንድ ዲቫይደሮችም ላይ፣ ብርቱካናማ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ የኒዮን አምፖል አለች። ኒዮን በ653.3 እና በ659.9 ናኖሜትር መስመሮች አሉት። እነዚህ ሁለቱ የሃይድሮጅን መስመርን ከግራና ከቀኝ እንደ ዘበኛ ያጅቡታል፤ አንዱ በ3፣ ሌላው በ3.6 ናኖሜትር ይርቃል። አንዳንድ አዳዲስ ጠቋሚዎች ኒዮን ሳይሆኑ ኤልኢዲ ስለሆኑ አስቀድሞ ብርሃኑን በሲዲ ገጽ ላይ አንጸባርቆ ማየት ይበጃል፤ ኒዮን በተለያዩ መስመሮች ይከፋፈላል፣ ኤልኢዲ ግን አንድ ወጥ ቅብ ይሆናል።

አምፖሏ በጨለማ ክፍል አምስት ሜትር ያህል ርቃ ትቀመጥ፤ ማጣሪያው በካሜራው ሌንስ ፊት ቀጥ ብሎ ይቁም። በእውነተኛ ባለ 3 ናኖሜትር ማጣሪያ አምፖሏ ልትጠፋ ጥቂት ይቀራታል። በባለ 7 ናኖሜትሩ የ653.3 መስመር ስለሚያልፍ በደንብ ትታያለች። ከዚያ ጠባቡ ማጣሪያ ቀስ እየተባለ ይጋደል፤ ማዕዘኑም በማዕዘን መለኪያ ይነበብ። ባንዱ ወደ ሰማያዊ ሲንሸራተት የታችኛው ጠርዝ 653.3 ላይ ይደርስና አምፖሏ ትበራለች። መካከሉ ትክክል ለሆነ ባለ 3 ናኖሜትር ማጣሪያ ይህ የሚሆነው በ8 ዲግሪ አካባቢ ነው።

በፊዚክስ ላቦራቶሪ ለባልመር ተከታታይ ሙከራ የሚውል የሃይድሮጅን ቱቦ ካለ ፈተናው ይሟላል። ያው ማጣሪያ ሲጋደል የላይኛው ጠርዝ ከ656.3 በታች የሚወርደው እንዲሁ በ8 ዲግሪ አካባቢ ነውና፣ ኒዮኗ በምትበራበት ማዕዘን ሃይድሮጅኑ መደብዘዝ አለበት። ሁለቱም ከዚያ ቀድመው ከሆኑ ባንዱ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ነው፤ ለኤፍ 4 መሣሪያ አይሆንም። ሁለቱም ዘግይተው ከሆኑ ወደ ቀይ ያዘነበለ ነው፤ ለፈጣን ቴሌስኮፕ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው። ኒዮኗ ቀድማ በርታ ሃይድሮጅኑ ከዘገየ ባንዱ ከተጻፈው በላይ ሰፊ ነው። ለኦክስጅን ማጣሪያ የሄሊየም ቱቦ የ501.6 ናኖሜትር መስመር ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ለሰልፈር ማጣሪያ ደግሞ የኒዮን የ671.7 መስመር ከሰልፈሩ 671.6 ጋር ሊገጥም ጥቂት ስለሚቀረው፣ አምፖሏ በዚያ ማጣሪያ ውስጥ ካልታየች ማጣሪያው ስሙን አይገባውም።

ከባንዱ ውጭ ያለውን እገዳ ለመፈተን የቴሌቪዥን ሪሞት ይበቃል። አብዛኞቹ ሪሞቶች በ940 ናኖሜትር አካባቢ ኢንፍራሬድ ይለቃሉ፤ የኢንፍራሬድ መከላከያ በሌለው የሥነ ፈለክ ካሜራ ፊት ማጣሪያው ተደርጎ ሪሞቱ ሲጫን ብልጭታው በግልጽ ከታየ ማጣሪያው ያፈሳል።

በሰማይ ላይ የሚደረግ ንጽጽር

ሁለት ማጣሪያዎችን በሰማይ ላይ ሲያወዳድሩ አንዱን በመጀመሪያው ግማሽ ሌሊት፣ ሌላውን በሁለተኛው መጠቀም የተለመደ ነው። በራያ ቆላ ይህ አሠራር ውጤቱን አስቀድሞ ይወስናል፤ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ማቀዝቀዣ የሌለው ካሜራ ለሁለተኛው ማጣሪያ ያደላል። መፍትሔው ተራውን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ እያደረጉ መደጋገም ነው፤ በዚህ ቅደም ተከተል ወጥ የሆነ የሙቀት ለውጥ ይጣፋል። ምልክቱ በኔቡላው ላይ ከተወሰደ ሣጥን አማካይ ላይ የባዶ ሰማይ ሣጥን አማካይ ተቀንሶ ይገኛል። ኖይዙ ደግሞ በአንድ ማጣሪያ በተከታታይ የተነሡ ሁለት ምስሎች ተቀናንሰው፣ የልዩነቱ መደበኛ ልይይት በ2 ስኩዌር ሩት ተካፍሎ ይገኛል፤ ይህም ቋሚው የሴንሰር ንድፍ እንዳያሳስት ያደርጋል።

የባንዶቹን ስፋት ንጽር ከኮከብ ብርሃንም ማንበብ ይቻላል። የኮከብ ብርሃን የተዘረጋ ስለሆነ በሁለቱ ማጣሪያዎች የሚለካው መጠን ከስፋታቸውና ከማሳለፋቸው ብዜት ጋር ይመጣጠናል፤ ማሳለፋቸው እኩል ከሆነ የ7 እና የ3 ናኖሜትር ንጽር 2.33 መሆን አለበት። ሲሪየስን የመሰሉ ነጫጭ ከዋክብት በሃይድሮጅን መስመር ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ስላላቸው ለዚህ አይሆኑም፤ አልደባራን ይሻላል።

በደማቅ ከዋክብት ዙሪያ የሚታየው ክብ ጭጋግ ሌላው ጉዳይ ነው። ከፈረስ ራስ ኔቡላ አጠገብ ያለው አልኒታክ፣ በቆቦ 76 ዲግሪ ድረስ ስለሚወጣ፣ ለዚህ ፈተና የተዘጋጀ ይመስላል። የክቡ ስፋት ምንጩን ይናገራል። ማጣሪያው ከሴንሰሩ 20 ሚሊሜትር ቢርቅና ብርሃኑ በሁለቱ መካከል ቢመላለስ በኤፍ 5 የክቡ ዲያሜትር 8 ሚሊሜትር፣ ማለትም ከ2,000 ፒክሰል በላይ ይሆናል። በማጣሪያው ሁለት ገጾች መካከል ከተመላለሰ ግን፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው መስታወት፣ 140 ፒክሰል ያህል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ማጣሪያውን ገልብጦ በመግጠም ወይም ርቀቱን በመለወጥ ሊሻሻል ይችላል፤ ሁለተኛው የማጣሪያው የራሱ ነውር ነው።

የትኛው መስመር ይቅደም

አንድ ማጣሪያ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ሃይድሮጅን አልፋን፣ ከ6 እስከ 7 ናኖሜትር ባለው ስፋት ቢወስድ ይመረጣል። በበጋው ንጹሕ ሰማይ ላይ ያሉት ትልልቅ ኔቡላዎች በዚህ መስመር ደማቆች ናቸው። ካሜራው ባለ ቀለም ከሆነ ግን ሃይድሮጅን የሚያርፈው ከአራቱ ፒክሰሎች በአንዱ ብቻ ላይ ነው፤ ያልተሻሻለ የፎቶግራፍ ካሜራ ከሆነ ደግሞ የውስጥ ማጣሪያው ከመስመሩ ሩብ ያህሉን ብቻ ያስገባል። ለባለ ቀለም ሴንሰር ሃይድሮጅንንና ኦክስጅንን በአንድ ላይ የሚያሳልፉ እንደ ኦፕቶሎንግ ኤል ኤክስትሪም ያሉ ጥንድ ባንድ ማጣሪያዎች ይሻላሉ፤ የዚህኛው ባንዶች እያንዳንዳቸው 7 ናኖሜትር ናቸው።

ጨረቃ ስትወጣ ነገሩ ይለያያል። በአየር ሞለኪውሎች የሚበተን ብርሃን በሞገድ ርዝመት አራተኛ ኃይል ስለሚቀንስ፣ በኦክስጅን መስመር አካባቢ የሚበተነው የጨረቃ ብርሃን በሃይድሮጅን አካባቢ ከሚበተነው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። በጨረቃ ሌሊት ሃይድሮጅንን፣ በጨለማው ኦክስጅንን ማንሣት ስለዚህ ነው። ባለ 3 ናኖሜትር ማጣሪያ በቆቦ ዋጋውን የሚያወጣበት ቦታ ካለም አንዱ ይህ ነው፦ የሚቀዘቅዝ ካሜራ፣ የኦክስጅን መስመር፣ ግማሽ ጨረቃ።

ሌላው የምርምር ጉዳይ ነው። ባለ 7 ናኖሜትሩ ማጣሪያ ከሃይድሮጅን ጋር በ654.8 እና በ658.3 ያሉትን የናይትሮጅን መስመሮች ያስገባል፤ ከሁለቱ የሚበረታው፣ ሦስት እጥፍ ያህል የሚደምቀው፣ የ658.3ቱ ነው። ለሚያምር ምስል ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። የሃይድሮጅንን መጠን ለሚለካ ተማሪ ግን፣ በተለይ በፕላኔታዊ ኔቡላዎችና በሱፐርኖቫ ቅሪቶች ላይ፣ ምስሉ የሁለት ንጥረ ነገሮች ድምር መሆኑ ውጤቱን ያበላሻል። ባለ 3 ናኖሜትሩ 657.8 ላይ ስለሚቆም ትልቁን የናይትሮጅን መስመር ያስወጣል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ማርሴል ድሬክስለር፣ ዣቪየር ስትሮትነርና ያን ሴንቲ የተባሉ አማተሮች ከሙያ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በአንድሮሜዳ ጋላክሲ አጠገብ ቀድሞ ያልታወቀ የኦክስጅን ቅስት ይፋ አድርገዋል። ስንት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ያንን ጋላክሲ ሲያዩት ኖረው ቅስቱ ያመለጣቸው በጠባብ የኦክስጅን ማጣሪያ ያን ያህል ረጅም ሰዓት፣ ያን ያህል ሰፊ ሰማይ ስላልተመለከቱ ነው። አንድሮሜዳ በቆቦ 61 ዲግሪ ድረስ ትወጣለች፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ምሽቶች፣ ከአቧራው ንብርብር በላይ ለሰዓታት ትቆያለች።